የኬጂ ልጆች ሱሪ ወገቡ ላስቲክ ይሁንልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ስለ ዩኒፎርም ዋጋ መጻፋችሁ ጥሩ ነው፣ ወላጅ የሚጨነቀው በሱ ነው። ግን ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ልብሱ የሚያወራ ሰው አላየሁም፣ ማለቴ ያ ልብስ የ4 አመት ልጅ ገላ ላይ ሲውል ልጁን ምን እንደሚያረገው። እኔ የኬጂ መምህርት ነኝ፣ ማታና ቅዳሜ ደሞ ቤቴ በሲንጀር መኪና ለልጆቼ ለእህቶቼ ልጆችና ለጎረቤት ልጆች እሰፋለሁ፣ ስለዚ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አየዋለሁ። ትንሽ ልጅ በራሱ ገላ ተለክቶ የተሰፋ፣ የማያሳክከው፣ ራሱ አውልቆ ራሱ የሚለብሰው ልብስ ያስፈልገዋል፣ ይሄን ደሞ ቤት ውስጥ መስፋት ይቻላል፣ ትምህርት ቤቶችም ሊፈቅዱልን ይገባል።

ክፍል ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ልጅ ሽንቱ ሲመጣ ጨዋታውን ቶሎ አይተውም፣ ሊያመልጠው ሲል ነው የሚሮጠው፣ ሁሉም እንደዛ ናቸው። ሮጦ ሽንት ቤት በር ላይ ሲደርስ ሱሪው ላይ ያለው ምንድነው? ከላይ የብረት መንጠቆ፣ ከስር ዚፕ፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ ሱሪው ሰፍቶት እናቱ ቀበቶ ጨምራበታለች። እነዛ ትንንሽ ጣቶች መንጠቆውን ወደ ውስጥ ሳብ አርገው ወደ ጎን ማንሸራተት አለባቸው፣ የቸኮለ ትልቅ ሰውም ይቸገራል እኮ። ልጁ እግሩን አጣምሮ እየዘለለ «ቲቸር ቲቸር» ይላል፣ እኔ ሌላ ልጅ እያጣጠብኩ እሆናለሁ፣ በቃ አለቀ። ከዛ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚውለው። እናትየው ልትወስደው ስትመጣ «ቤት እኮ እንዲህ አያረግም» ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ቤት የሚለብሰው ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ነዋ፣ ወደ ታች ገፋ ማረግ ብቻ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የሱሪው ነው። ሴቶቹም ያው ናቸው፣ ዚፑ ጀርባቸው ላይ ነው፣ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ላይ።

ይሄ ሁሉ የሚመጣው የትልቅ ሰው ልብስ አሳንሰው ስለሚሰፉላቸው ነው። የልጅ ገላ ግን ሌላ ነው። የ3 የ4 አመት ልጅ ሆዱ ወደፊት ወጣ ያለ ነው፣ ወገብ የሚባል ነገር ገና የለውም፣ ደረቱንም ለካችሁት ወገቡንም ለካችሁት ያው 50 ምናምን ሳንቲም ነው፣ ስለዚ ሱሪው የሚይዝበት ቦታ ያጣል፣ ወይ ይወርዳል ወይ እንዳይወርድ ተብሎ ሲጠብቅ ሆዱን ይቆርጠዋል። ጭንቅላቱ ደሞ ከገላው አንጻር ትልቅ ነው፣ ዙሪያው 50 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል፣ አንገቱ ግን 25 26 ቢሆን ነው፣ ግማሹን በሉት። ስለዚ አንገቱ ላይ ልክ የሆነ ሸሚዝ በጭንቅላቱ አይገባም፣ በጭንቅላቱ የሚገባው ደሞ ትከሻው ላይ ይንሸራተታል። በዛ ላይ ልጅ ቆሞ አይውልም፣ ይንበረከካል፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ወንበር ስር ይገባል፣ ሱሪው ከኋላ በኩል ከፍ ተደርጎ ካልተቆረጠ ቁጭ ባለ ቁጥር ወገቡ ይራቆትና ብርድ ይገባዋል።

ሱሪውን እንዴት እንደምሰፋው በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ከባድ ይመስላቸዋል። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ሳትቆርጡት በፊት እጠቡትና ይድረቅ፣ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከአንድ ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲም ሊሄድበት ይችላል፣ ሰፍታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሚያጥር ቀድሞ ይጠር። 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጨርቅ ከሆነ ለ4 አመት ልጅ 80 ሳንቲም ይበቃል። ዳሌውን ዙሪያውን ለኩ፣ 56 ቢመጣ 14 ጨምሩበት፣ 70፣ ለሁለት ስታካፍሉት 35 ነው፣ ይሄ የአንዱ እግር ስፋት ነው። ጎን ላይ ስፌት አላረግበትም፣ አንድ እግር አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው፣ ስፌቱ ባነሰ ቁጥር የሚኮሰኩሰው ነገር ያንሳል። ከዛ ልጁን ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጡትና ከወገቡ እስከ ወንበሩ ድረስ ለኩ፣ 18 ከሆነ 3 ጨምሩበት፣ የሁለቱ እግሮች መገናኛ የሚመጣው እዛ ጋ ነው። እዛ ነጥብ ላይ በፊት በኩል 3 ሳንቲም በኋላ በኩል 6 ሳንቲም ወደ ውጪ አውጡና ወደ ላይ በክብ ሳቡት፣ ክቡን ለመሳል የሰሃን ጠርዝ ይበቃል። በሳሙና ስባሪ ብትስሉት ሲታጠብ ይለቃል። አሁን ዋናው ነገር፣ ከላይ የወገቡን መስመር ስትስሉ የፊቱን 3 ሳንቲም ከኋላው ዝቅ አርጉት፣ ከፊት ሆዱ ስር ያርፋል ከኋላ ደሞ ቁጭ ሲል ይሸፍነዋል። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሱሪ አብዛኛው ፊቱና ኋላው እኩል ነው፣ ይሄን ስለማያረጉት ነው የልጅ ሱሪ ሁሌ ወደ ታች የሚንሸራተተው። ርዝመቱን እንደ እግሩ ለክታችሁ ለስፌት ዙሪያውን 1 ሳንቲም ተኩል፣ ከላይ ለላስቲኩ 4፣ ከታች ለእጥፋት 5 ሳንቲም ትርፍ ተውለት።

ላስቲኩ 2 ሳንቲም ወይ 2 ሳንቲም ተኩል ስፋት ይኑረው፣ ቀጭኑን ተዉት ገላ ይቆርጣል። ርዝመቱ ከወገቡ 4 ሳንቲም ያህል ይነስ። ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ታረጉና በእጥፋቱ ውስጥ እየጎተታችሁ ታሳልፉታላችሁ፣ ግን ጫፍና ጫፉን ሰፍታችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ልጁን አልብሱትና ቁጭ ብድግ ይበል፣ ትንሽ ይጫወትበት፣ አውልቃችሁ ስታዩት ሆዱ ላይ ቀይ መስመር ካለ ላላ አርጉት። ከኋላ በውስጥ በኩል ወገቡ ላይ በደማቅ ክር ምልክት ስፉበት፣ ቀይ ይሁን ቢጫ ልጁ ይምረጥ፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ እያየ ራሱ መልበስ ይለምዳል። በክፍሌ ውስጥ እንደዚ አይነት ሱሪ ያላቸው ልጆች ሽንት ቤት ሲሄዱ ማንንም አይጠሩም፣ ሄደው ይመለሳሉ፣ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ ብታዩት።

ኦቨርሎክ፣ ማለቴ የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር የሚሰፋው መኪና፣ የለኝም ብሎ የሚያስብ ካለ አያስፈልግም። ጨርቁን ፊቱ ወደ ውጪ እንደሆነ ገጥማችሁ ከጫፉ ግማሽ ሳንቲም ገባ ብላችሁ ስፉት፣ ገልብጡትና በውስጥ በኩል አንድ ሳንቲም ላይ ድገሙት፣ የተቆረጠው ጫፍ ሁለቱ ስፌት መሀል ታሽጎ ይቀራል፣ ክር አይተረተርም ገላም አይነካም። መሀሉ ላይ ክብ ስለሆነ ቀስ ማለት ይፈልጋል እንጂ ይሄዳል። የሞከረ ሰው ከዛ በኋላ የገበያ ልብስ ሲገዛ ገልብጦ ውስጡን ሳያይ አይገዛም።

ለላይኛው ልብስ ደሞ መፍትሄው ያው ጭንቅላቱን ማሰብ ነው። ወይ አንዱን ትከሻ ከፍቶ ሁለት ቁልፍ ማረግ ወይ ከፊት ደረቱ ድረስ መሰንጠቅ። የአባትየው የድሮ ቲሸርት ካለ ደሞ እሱን ቁረጡት፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ከአዲሱ ይለሰልሳል፣ መጠኑም ለአንድ ልጅ ይበቃል፣ የታችኛውን ጠርዝ እንዳለ ብትጠቀሙበት መልሶ ማጠፍም የለም። ጀርሲ፣ ማለቴ የሚለጠጠው የቲሸርት ጨርቅ፣ ግን በተራው መርፌ ሲሰፋ ይበሳሳል፣ ጫፉ ድቡልቡል ያለ ለጀርሲ የሚሆን መርፌ አለ እሱን ግዙ፣ መኪናችሁ ዚግዛግ የማይሰፋ የድሮው ከሆነም ስትሰፉ ጨርቁን ትንሽ ሳብ እያረጋችሁ ስፉት፣ አለበለዚያ ልጁ ሲጎትተው ክሩ ጧ ይላል። አንገቱ ላይ የምትሰፋውን ማርክ ለቤት ልብስ ምን ያረግልናል፣ የገዛችሁት ልብስ ላይ ያለውንም በጥንቃቄ ፍቱት፣ ልጅ ጀርባውን እያከከ የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ በሷ ነው።

ቁልፍን በተመለከተ ከ3 አመት በታች ላለ ልጅ በጣም ተጠንቀቁ፣ የላላ ቁልፍ ጎትቶ አፉ ይከተዋል፣ ሊታነቅ ይችላል። እንደሰፋችሁት ጠንክራችሁ ጎትታችሁ ፈትኑት። አንገት ላይና ኮፍያ ላይ የሚታሰር ገመድ ደሞ ጭራሽ አይደረግም። አሜሪካ ውስጥ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ1996 እንደ ፈረንጆቹ ልብስ አምራቾች ከልጆች ጃኬት ኮፍያና አንገት ላይ ገመድ እንዲያስወግዱ መመሪያ ያወጣው ልጆች በመንሸራተቻና በመኪና በር እየተያዙ ስለሞቱ ነው። የኛም ልጆች መንሸራተቻ ላይ ይወጣሉ፣ ታክሲም ውስጥ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ይሄንን ማንም ሳያስገድደን ልናረገው እንችላለን።

አሁን ወደ በአል ልብስ ልምጣ፣ እዚ ጋ ሆዴ ይቃጠላል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለ፣ እኔም ልጅ በአል ላይ እንዲያምር እወዳለሁ። ግን ለ3 አመት ልጅ እንደ ቬሎ የተነፋፋ፣ ከስሩ እንደ መረብ ያለ ደረቅ ጨርቅ ያለበት፣ ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነ ቀሚስ አልብሰን ቀኑን ሙሉ አትቆሽሺ አትሩጪ ስንላት እንውላለን። ፖሊስተር ላብ አይጠጣም፣ ብብቷና አንገቷ ላይ ሽፍታ ይወጣባታል፣ ወገቧ ላይ መረቡ የተሰፋበት ቦታ ይቧጭራታል። ከዚም የሚብሰው እሳቱ ነው። በአል ቀን ቡና ይፈላል፣ የከሰል ምድጃው ወለል ላይ ነው፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ልጅቷ ዞር ስትል ያ የተነፋፋ ቀሚስ ከሷ አንድ ክንድ ርቆ ነው የሚዞረው፣ እሷ ምድጃውን ስላልነካችው የራቀች ይመስላታል። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ይቀልጥና ገላ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ይቃጠላል፣ አይቃጠልም እያልኩ አይደለም፣ ስለዚ ዋናው ነገር ልብሱ ከገላዋ ብዙ እንዳይርቅ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ እንዲቀር፣ እጅጌው ሰፊና የተንጠለጠለ እንዳይሆን ነው። እባካችሁ እናቶች ይሄን አስቡበት።

የሽሮ ሜዳ ፈትል እኮ ለልጅ የሚሆን ነው፣ ጥጥ ነው፣ አየር ያስገባል፣ ሲታጠብ እየለሰለሰ ይሄዳል። ችግር ያለው ጥለቱና ጥልፉ ላይ ነው፣ በተለይ የሚያብረቀርቅ ክር ካለበት ጀርባው ገላ ይፍቃል። ለሱ ደሞ ከውስጥ ስስ የጥጥ ገበር ማረግ ነው፣ ሙሉውን ሳይሆን ጥልፉ ያለበትን ቦታ ብቻ፣ አንገቱንና ደረቱን። የድሮ አንሶላ ካላችሁ አንድ ቁራጭ ይበቃል። ልጅቷ እስከ ማታ ሳታወልቀው ትውላለች።

ወላጆች ሁሌ የሚያነሱብኝ ነገር ልጅ ቶሎ ያድጋል ልክ የሆነ ብንሰፋ ነገ ይጠበዋል የሚል ነው፣ ልክ ናቸው፣ ገንዘብ ከየት ይመጣል። ግን ልጅ እንዴት እንደሚያድግ እንይ። ከ2 አመት በኋላ ልጅ በአመት 6 7 ሳንቲም ይረዝማል፣ ወገቡ ግን በአመት 1 ሳንቲም ቢጨምር ነው። እና ሁለት ቁጥር ትልቅ ልብስ ስንገዛለት በማያድግበት በኩል ነው ያሰፋንለት፣ ትከሻው ወርዶ፣ እጅጌው እጁን ሸፍኖ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል፣ ሱሪው እየጠለፈው ደረጃ ላይ ይወድቃል። ስፋቱን ለዛሬ ልክ አርጉት፣ ርዝመቱን ደብቃችሁ አስቀምጡለት። ቅድም ያልኩት የ5 ሳንቲም እጥፋት ለዚ ነው፣ በአመቱ ፈትታችሁ ታወርዱታላችሁ። ለቀሚስ ደሞ ከታች በኩል በውስጥ አንድ ዙር ሽንሽን ብትይዙ እሱም ሲፈታ ሌላ 4 ሳንቲም ይሰጣችኋል፣ የእጥፋቱ መስመር ከታየ ጥለት ወይ ባለቀለም ጥብጣብ ይሰፋበታል ያምራል። ጉልበቱ ቀድሞ የሚያልቅ ወንድ ልጅ ካላችሁ ከመጀመሪያው በውስጥ በኩል እራፊ ስፉበት።

ውጪ ያለ ዘመድ ልብስ ሲልክም እድሜውን አትንገሩት፣ ቁመቱን በሳንቲም ንገሩት። የአውሮፓ የልጅ ልብስ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ቁመት ነው፣ 92፣ 98፣ 104፣ 110 እያለ ይሄዳል። የ4 አመት የሚለው ጽሁፍ የኛን ልጅ አያውቀውም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ እኩያ ልጆች እንኳን በ10 ሳንቲም ይበላለጣሉ፣ በየቀኑ አሰልፋቸዋለሁ አያቸዋለሁ።

ስለዚ ወደ ትምህርት ቤቶች። ዩኒፎርም ይቅር አላልኩም፣ ልጆችን እኩል ያረጋል፣ መንገድ ላይም ይለያቸዋል። የምጠይቀው ለኬጂ ብቻ ነው። ቀለሙ ያው ይሁን፣ ግን የሱሪውና የጉርዱ ወገብ ሙሉ ላስቲክ ይሁን፣ ጨርቁ ጥጥ ይሁን ወይ ጥጥ የሚበዛበት፣ ጀርባ ላይ ዚፕ አይኑር። ከኛ ብቻ ካልገዛችሁ የሚሉ ትምህርት ቤቶች ደሞ ለወላጅ የጨርቁን ናሙና ይስጡት፣ የጣት ስፋት ቁራጭ ትበቃለች፣ እሷን ይዞ መርካቶ ወርዶ ተመሳሳዩን ይግዛና እናት ትስፋ፣ አያት ትስፋ፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ይስፋ። ባርማውን ትምህርት ቤቱ ይሽጥ፣ ማንም አይቃወምም። የወላጅ ኮሚቴ ያላችሁ ቦታ ሁሉ ይሄን ጥያቄ በዚ ክረምት አንሱልን፣ መስከረም ከገባ በኋላ የተሰፋ ተሰፍቷል ነው የሚባለው።

ለናንተም አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ሰጥታችሁ የልጆች ልብስ ንድፍ ብታወጡ ብዙ ቤት ትገባላችሁ። ኤቤኔዘር በትሪክ የሚባል አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረ ልብስ ሰፊ በ1863 እንደ ፈረንጆቹ በየመጠኑ የተዘጋጀ የወረቀት ንድፍ መሸጥ ሲጀምር መጀመሪያ ካወጣቸው ውስጥ የወንድ ልጆች ልብስ ነበረበት፣ ከዛ በፊት እናቶች አንድ መጠን ያለውን ንድፍ እያዩ በግምት ነበር የሚያሳንሱት የሚያሳድጉት። እኛ ጋ እስካሁን በግምት ነው፣ የድሮ ሱሪ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን መቁረጥ፣ እሱ ሱሪ ራሱ ልክ ካልሆነ አዲሱም ያው ይሆናል።

ከዚ ደብዳቤ ጋር ቁመታቸው 98፣ 104ና 110 ለሆነ ልጆች የሱሪ ንድፍ በካሬ ወረቀት ላይ ስዬ ልኬላችኋለሁ፣ አንዱ ካሬ 5 ሳንቲም ነው። ክፍያ አልፈልግም፣ ስሜም አይውጣ። አንባቢ በሜትር እየለካ ያነበበው ጋዜጣ ላይ አሳድጎ ይስለዋል፣ ወረቀቱ ካነሰ ሌላ ገጽ አጣብቆ፣ በስፒል ጨርቁ ላይ አያይዞ መቁረጥ ነው። ስታትሙት ግን አደራ ካሬዎቹ እንዳይደበዝዙ፣ የፊቱና የኋላው ምልክትም ቦታው እንዳይቀያየር፣ ከተቀያየረ ሱሪው ቁጭ ሲል ይወርዳል።

አክባሪያችሁ
የኬጂ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ